ጭሱ የመጣው ከሽቦው ነው

አቶ አሻግሬ ለአዲሱ ሕንፃቸው የኔትወርክ ሽቦ ገዝተው ሲያስመጡ ሽቦውን የምትዘረጋውን የዝናን አላማከሯትም። ሥራውን የሰጧት እሳቸው፣ አባቷ ከሞተ በኋላ ያስተማሯትም እሳቸው፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸውና ማማከር ያለባቸው አልመሰላቸውም። ካርቶኖቹ ምድር ቤት ተደርድረው ጠበቋት። የመጀመሪያውን ከፍታ የሽቦውን ጫፍ ስባ በጣቷ እንደዳበሰችው ደሟ ፈላ።

ሽቦው ከሚገባው በላይ ቀላል ነው። ከቦርሳዋ ምላጭ አውጥታ ላዩን ገፈፈችና ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን ክሮች አንዱን ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ላዩ መዳብ መስሎ ያብረቀርቃል፤ ሲፋቅ ነጭ ሆነ። አሉሚኒየም ነው። መዳብ እንደ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም። የሸፈነው ፕላስቲክ ደግሞ እሳት የሚችል ለመሆኑ አንድም ምልክት የለበትም። ካርቶኑ ላይ ግን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ንጹሕ መዳብ እንደሆነ ተጽፏል።

«ይህን ማን ሸጠልዎ ጋሼ?» አለች።

አቶ አሻግሬ ደረጃው ሥር ቆመው ከቀለም ቀቢዎቹ ጋር ያወሩ ነበር። ዘወር አሉ። «ምን ሆነ?»

«ይህ ሽቦ እዚህ ቤት ውስጥ አይገባም።»

«እንዴት ነው የማይገባው? ኔትወርክ አይደለም የተባልኩት? ኔትወርክ ነው የገዛሁት።»

የዝና በመጀመሪያ በትዕግሥት ልታስረዳቸው ሞከረች። ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከገበያው ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ደረጃው አንድ ብቻ። ከደረጃው ጎን ለጎን፣ ሠራተኞች ዳክት የሚሉት፣ ሽቦና ቧንቧ የሚተላለፍበት ጠባብ ቀዳዳ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ይወጣል። ሽቦው ሁሉ አንድ ላይ ታስሮ የሚወጣው በዚያ ነው። ካሜራውም ዋይፋዩም የውስጥ ስልኩም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከዚሁ ሽቦ ነው። አሉሚኒየም ሲሆን ይግላል፤ ተደራርቦ ሲታሰር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ራሱ ባይነሣ እንኳ ከሌላ ቦታ እሳት የነካው ቀን እንደ ጧፍ እየነደደ ከፎቅ ፎቅ ይወጣል።

«ከእሳቱ የሚብሰው ደግሞ ጭሱ ነው» አለች። «ሰውን እሳቱ ሳይደርስበት ጭሱ ይቀድመዋል። ጭሱ ትንሽ የሆነ፣ ሰው ለሚኖርበት ቤት ተብሎ የተሠራ ሽቦ አለ። ይህን ይመልሱና እሱን እናስመጣ።»

«የተራገፈ ዕቃ አይመለስም።»

«እንግዲያው ይምጡ፣ ላሳይዎ።»

ቀለም ቀቢዎቹም ተከትለዋቸው ወጡ። ግቢው ውስጥ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ተቆልሏል። የዝና ከሌላ ሥራ የተረፋትን አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከአጎቷ ካርቶንም ያንኑ ያህል ቆረጠች። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እሳት አነደደችና ሁለቱንም በየተራ በፒንሳ ይዛ ከተተቻቸው። የእሷው ቀስ ብሎ ጠቆረ፤ ስስ ነጭ ጭስ ወጣው፤ ከእሳቱ ስታርቀው ጠፋ። የካርቶኑ ግን ወዲያው ተቀጣጠለ። ብታርቀውም መንደዱን አላቆመም። ፕላስቲኩ እየቀለጠ፣ እየነደደ፣ አሸዋው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጥላሸት የመሰለ ወፍራም ጭስ ተነሥቶ ሁለቱንም ሸፈናቸው። አቶ አሻግሬ እያሳላቸው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አዩ? ይህ አንድ ክንድ ብቻ ነው! ዳክቱ ውስጥ የሚገባውን ያስቡት። ይህ ጭስ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ከምራቁ ጋር አሲድ ይሆናል። ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የማዋለጃ ክሊኒክ ሊከፈት ነው፤ የሚተኙት አራሶች ናቸው!»

አቶ አሻግሬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ለአፍታ ያህል የተቃጠለውን ሽቦ አዩት፤ የዝናም ያመኗት መሰላት።

«የተቃጠለ ነገር ይጨሳል» አሉ። «ምን አዲስ ነገር አሳየሽኝ?»

«ጋሼ...»

«ስሚ። እኔ እናትሽን በጀርባዬ አዝዬ ነው ከወሎ እዚህ የገባሁት። ሰፈራ ጣቢያ ስንደርስ ሳር ቤት ሰጡን። ሳር ቤት ውስጥ፣ መሀሉ ላይ እሳት እያነደድን፣ አንቺንም እዚያው አሳደግንሽ። ተቃጠልሽ? ዛሬ በሲሚንቶና በብረት ብሠራ እሳት ትጠሪብኛለሽ!»

«ከሳር ቤት በአንድ ዝላይ ይወጣል! ከሦስተኛ ፎቅ ግን በየት ይወጣል?»

«በቃ!» አሉና ለቀለም ቀቢዎቹም እንዲሰማ አድርገው ጮኹ። «ካልፈለግሽ ተይው። ሽቦ የሚጎትት ሰው አሶሳ ውስጥ አልጠፋም!»

የዝና መሰላሏንና መሰርሰሪያዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወጣች። ባጃጁ እስኪነሣ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ወደ ኋላ አልዞረችም። ያናደዳት አለማወቃቸው አይደለም። ዓይናቸው እያየ፣ ጉሮሯቸው እየተቃጠለ፣ አውቀው ነው እንዳላወቀ የሆኑት።

ላይኛውን ፎቅ የተከራየችው ትሩፋት የምትባል አዋላጅ ነርስ ናት። ብዙ ዘመን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠርታ፣ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ያለች እናት የምታውቃት፣ አሁን በስተመጨረሻ የራሷን የማዋለጃ ክሊኒክ የምትከፍት ሴት። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ሴቶቹ «የትሩፋት ድምፅ ብቻውን ያስወልዳል» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። የዝና የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት።

ትሩፋት አልጋ ከሚያራግፉት ሠራተኞች መሀል ቆማ ሰማቻት። «አቶ አሻግሬን እጠይቃለሁ» አለች። ጠየቀቻቸውም። በማግስቱ ለየዝና ደወለችላት፤ ከድምፅዋ ቅር ያላት ትመስላለች።

«ሽቦው አንደኛ ነው አሉኝ። አንቺን ከሥራ ስላስወጡሽ ተናደሽ ነው አሉ።»

«እሳቸው ናቸው እንደዚህ ያሉሽ?»

«ያለ ቦታው አትቆጪ እህቴ። እኔ ሁሉን ነገር ጨርሻለሁ፤ የምመለስበት መንገድ የለኝም። አጎትሽ ደግሞ የሰው ነፍስ ላይ ይጫወታሉ ብዬ ለማሰብ ይከብደኛል።»

የዝና ስልኩን አልጋዋ ላይ ወረወረችው። እናቷ እትዬ ማሚቱ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ተይው እንግዲህ። ነግረሻል። ከአንቺ ራስ ወርዷል» አሏት። የዝና ግን ከራሷ የወረደ ነገር አልታያትም። ሥራውን ሰራዊት የሚባል፣ ድሮ አብሯት ይሠራ የነበረ ልጅ ተረከበው። መንገድ ላይ አግኝታ «ሽቦውን ፍቀኸዋል?» ብትለው፣ «ባለቤቱ ያመጣውን ነው የምጎትተው፤ አንቺ ብትተዪው እኔ ልራብ?» አላት። ሽቦው ገባ። የዳክቱ ጫፍ ጣሪያው ላይ አልተከደነም፤ ሽቦው ከዳክቱ ወደ ክፍሎቹ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም አልተደፈኑም፤ ላያቸው ላይ ኮርኒስ ተለጠፈባቸው። ክሊኒኩ ተከፈተ። ሪባን ሲቆረጥ አቶ አሻግሬ ፊት ለፊት ቆመው ነበር።

ሕንፃው ሥራ ከጀመረ ብዙም አልቆየ። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ የዝና ለእናቷ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ሰዎች ወደ ኤርፖርት መንገድ ሲጠቋቁሙ አየች። ቀና አለች። ከቆርቆሮዎቹ በላይ ጥቁር ጭስ ቆሟል። የእንጨት ጭስ አይደለም፤ የጎማ ጭስ ነው የሚመስለው። ከየት እንደሆነ ለመጠየቅ አልቆመችም። ሽንኩርቱን እዚያው ጥላ ሮጠች። ባጃጆቹ መንገዱን ዘግተውት ነበርና በመሀላቸው እየተሽሎከለከች፣ ነጠላዋ አንዱ መስተዋት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣ ሕንፃው ሥር ደረሰች።

የታችኞቹ ፎቆች ምንም አልሆኑም። ነበልባል የሚባል ነገር አይታይም። ግን የደረጃው በር ጥቁር ጭስ እንደ ውሃ እየተፋ ነው። አንድ የሱቅ ሠራተኛ ልብሱን አፉ ላይ አድርጎ ለመግባት ሞከረና ሁለት ደረጃ ሳይወጣ እያስመለሰው ተመለሰ። የሦስተኛው ፎቅ መስኮቶች ውስጥ ምንም አይታይም፤ ሴቶች ሲጮኹ ብቻ ይሰማል። ከጩኸቱ ሁሉ በላይ የትሩፋት ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። «ወለሉ ላይ ተኙ! ተሳቡ! ወደ መስኮቱ!»

የእሳት አደጋ መኪና ተጠርቷል፤ ግን በገበያ ቀን መንገዱ እስኪከፈት ጭስ አይጠብቅም። ያዳናቸው ጎረቤት ያለው ያላለቀ ሕንፃ ነው። ግንበኞቹ የቆሙበት የቀርከሃ ርብራብ ከክሊኒኩ መስኮት ጋር እኩል ደርሶ ነበር። አንዱ ግንበኛ መስታወቱን በመዶሻ ሰበረው፤ ሌሎቹ ከርብራቡ ወደ መስኮቱ ጣውላ ዘረጉ። ከጭሱ ውስጥ መጀመሪያ የወጣው በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ነው። የትሩፋት ሁለት እጆች ብቻ ከመስኮቱ ወጥተው አቀበሉት። ቀጥላ የሕፃኑ እናት ወጣች፤ ኢልሊ የምትባል የባምባሲ ሴት ናት፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው የወለደችው። በጣውላው ላይ በእንብርክክ ስትሳብ እግሯ ላይ ደም ይወርድ ነበር። ከእሷ ኋላ ሌላ አራስ፣ ከዚያ የክሊኒኩ ረዳት ወጣች።

«ትሩፋትስ?» ብላ የዝና ከታች ጮኸች።

ረዳቷ እያሳላት መናገር አቃታት። በጣቷ ወደ ውስጥ አመለከተች። ምጥ የያዛት አንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ነበረች፤ ትሩፋት እሷን ልታመጣ ተመልሳለች። የትሩፋት ድምፅ መሰማቱን ያቆመውም በዚያን ጊዜ ነው።

በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው ላይ የብረት ድምፅ፣ ቀጥሎም የውሃ መውረድ ተሰማ። ጣሪያው ላይ አልመሐዲ የሚባል የበርታ ተወላጅ በያጅ ነበር፤ የውሃ ታንከር ማቆሚያ ብረት ሊበይድ ነው የወጣው። ከብየዳው የረገፈ ፍንጣሪ ባልተከደነው ዳክት ወርዶ ነበር እሳቱን ያስነሣው። ሰውየው በርብራቡ በኩል ወርዶ ማምለጥ ይችል ነበር። እሱ ግን የታንከሩን ቧንቧ በመዶሻ ሰበረና ውሃውን ሁሉ ወደ ዳክቱ ለቀቀው። ከዚያ ሸሚዙን በውሃው ነክሮ አፉ ላይ አስሮ፣ በጣሪያው በር ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወረደ። መስኮቱ ጋ ብቅ ሲል ምጥ የያዛትን ሴት ተሸክሞ ነበር። ለግንበኞቹ አቀበላትና እንደገና ገባ። ሁለተኛ ሲወጣ ትሩፋትን በብብቷ ይዞ እየጎተታት ነው። አፏና አፍንጫዋ ዙሪያ በጥላሸት ጠቁሯል።

የዝና ዞር ስትል አቶ አሻግሬን አየቻቸው። መንገዱ ማዶ ቆመው ስልክ ያወራሉ። «በያጁ ነው፣ በያጁ ነው ያቃጠለው» ይላሉ ለሆነ ሰው።

ሰውን ሁሉ ገፍታ ሄደች። «አንተ!» አለቻቸው።

አጎቷን አንተ ብላ ስትጠራ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ወደ እነሱ ዞሩ።

«አንተ አይተኸዋል! ዓይንህ እያየ አቃጥዬ አሳይቼሃለሁ! አንተንም አስሎሃል፣ አንተም አልቅሰሃል ከጭሱ የተነሣ!»

«ዝም በይ» አሉ አቶ አሻግሬ፣ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ለዚህ ነው የምጮኸው፣ እንዲሰማ!»

እናም እሳቱ ሲጣራ የነደደው ቦታ ከሰው ቁመት አይበልጥም ነበር። ባንድ ታንከር ውሃ የጠፋ እሳት ነው። ግድግዳ አልፈረሰም፣ ጣሪያ አልተቃጠለም። የተረፈው ሁሉ ጭስ ነው። ጭሱ ባልተደፈኑት ቀዳዳዎች ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ አልጋ ወርዶ ነበር።

አልመሐዲ የዚያኑ ቀን ታሰረ። ፖሊስ «እሳቱ ከየት ተነሣ?» ብሎ ሲጠይቀው «ከእኔ» አለ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ጥያቄውን ግን በደንብ ሰምቶታል። እውነቱን ነው የመለሰው። በዚያ ቀን እውነቱን የተናገረ ወንድ እሱ ብቻ ነበር፤ የታሰረውም እሱ ብቻ ነበር። አቶ አሻግሬ ደግሞ በከተማው ሁሉ «ሥራ የማያውቅ በያጅ ሕንፃዬን አነደደው» እያሉ ያስወሩ ጀመር። በማግስቱ ሰንበቴ ላይ ሰዎች «እግዜር ያጽናዎት» ይሏቸው ነበር፤ የተጎዱት እሳቸው ይመስል።

የዝና ይህን ስትሰማ መቀመጥ አቃታት። እንደ እውነቱ ከሆነ መጀመሪያ በበያጁም ተናዳ ነበር፤ ክፍት ዳክት አጠገብ እንዴት ይበይዳል ብላ። ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ እንዲያገናኟት ጠየቀች። አልመሐዲ ሁለቱም መዳፎቹ በፋሻ ታስረው መጣ። ድምፁ ሻክሯል።

«እህት፣ አንቺ የሽቦ ሰው ነሽ ብለው ነገሩኝ» አላት። «እኔ ውሸት የለም። ብረት ስትበይድ እሳት ይረግፋል። ቀዳዳው አየሁ። ቆርቆሮ ስጡኝ ልዝጋ አልኩ። ጌታው ‹ቶሎ ጨርስ፣ ውሃው ተዘግቷል፣ ሴቶቹ ይጮኻል› አለ። እኔ ጨረስኩ። ወላሂ፣ ፍንጣሪ ስንት ጊዜ ወረደ በእኔ ሥራ፤ ካርቶን ያቃጥላል፣ በእግር ትረግጠዋለህ፣ ይጠፋል። እንደዚህ ጭስ ግን እኔ አላየሁም። ምን ነበር እዚያ ውስጥ?»

የዝና ምን እንደነበር ነገረችው።

«ጌታው ያውቃል?» አለ።

«ያውቃል።»

«እና እኔ ነኝ እዚህ የተቀመጥኩ?»

የዝና ተነሥታ በቀጥታ መርማሪው ቢሮ ገባችና ቃሏን ሰጠች። ፍንጣሪው ከብየዳው ነው፤ ጭሱ ግን ከሽቦው ነው። ሽቦውን የገዛው ባለቤቱ ነው። ከመግባቱ በፊት አቃጥዬ አሳይቼዋለሁ፤ ቀለም ቀቢዎቹ ቆመው ያዩ ነበር፤ ጥሯቸው። ዳክቱ እንዲከደን በያጁ ቆርቆሮ ጠይቋል፤ የከለከለው ማን እንደሆነ ጠይቁት። መርማሪው ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ስታበቃ «አቶ አሻግሬ ምንሽ ናቸው?» አላት።

«አጎቴ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ስለ አጎትነቱ ነው ወይስ ስለ ሽቦው የምትጠይቀኝ? በሁለቱም እርግጠኛ ነኝ።»

ወሬው ቤት ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። እትዬ ማሚቱ በሩ ላይ ጠበቋት። «ወንድሜን ነው?» አሉ። «ወንድሜን ነው ፖሊስ እጅ የጣልሽው? በረሃውን ሲያቋርጥ እግሩ ቆስሎ ደም እየፈሰሰው እኔን ያላወረደኝን?»

«እማ፣ እሱ አንቺን ስላዘለ ሌላውን ሰው ማፈን ይችላል?»

እናቷ ለቀናት ምግብ ሲያቀርቡላት ሳህኑን አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። የዝናን ከሁሉም በላይ ይህ አንገበገባት። በገዛ ቤቷ እንደ ጥፋተኛ የምትታየው እሷ ናት፤ የአጎቷን ስም ግን ጎረቤቱ አሁንም በአቶ ይጠራል።

ሽማግሌ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሦስት ነበሩ፤ ሁሉም ከአጎቷ ጋር በአንድ ሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ ልጅ ሳለች ጉልበታቸውን የሳመቻቸው ሰዎች። ቤት ገብተው ተቀመጡ። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ልጃችን፣ የመጣነው ለዕርቅ ነው። የሆነው ሆኗል። የሞተ ሰው የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አጎትሽ ለነርሷ መታከሚያ ይሰጣል። አንቺ ደግሞ ያንን ቃልሽን ‹በንዴት የተናገርኩት ነው› ብትይ ነገሩ እዚሁ ይበርዳል። ሰው ‹ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ› እያለ እንዲያለቅስ አታድርጊው።»

«በያጁስ?» አለች የዝና።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሱማ ራሱ አምኗል አሉ።»

«እሱ ነው እሳቱን ያጠፋው! እሱ ነው ሰው ተሸክሞ ያወጣው፣ እጁ እስኪላጥ! እሱን እስር ቤት ትታችሁ እኔንና አሻግሬን ልታስታርቁ መጣችሁ?»

«ረጋ በይ እንጂ። ሽማግሌ ፊት ነሽ።»

«ዕርቅ የሚሆነው የበደለ ሰው በድያለሁ ሲል ነው። እሱ በድያለሁ ብሏል? አልሰማሁም። እኔን ‹ዋሽቻለሁ በይ› ልትሉኝ ነው የመጣችሁት። ይህ ዕርቅ አይባልም። ሂዱና ከቻላችሁ ከትሩፋት ጉሮሮ ጋር አስታርቁት!»

ታላቁ ሽማግሌ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ እናቷ ዞሩ። «እት ማሚቱ፣ ልጅሽን ገሥጫት እንጂ። አንቺ ዝም ስትይ ነው እንደዚህ የምትሆነው።»

እትዬ ማሚቱ እስከዚያ ድረስ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ አቀርቅረው ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉ።

«ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ነበር» አሉ። የዝና ይህን አታውቅም ነበር። «ትሩፋትን ላያት ሄድኩ። ስሜን ልትጠራኝ ፈለገች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እኔ ያቺን ሴት አውቃታለሁ፤ ከዚህ ጥግ ስትጣራ እዚያ ጥግ ትሰማለች። ወንድሜን አልረግመውም። አልችልም። ልጄንም ዝም በይ አልላትም። ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልን።»

ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይነኩ ወጡ።

መርማሪው ከዚያ በኋላ ሕንፃው ድረስ ሄዶ ዳክቱን አስከፈተ፤ ቀለም ቀቢዎቹንም ጠራ። አንዱ አላየሁም አለ፤ ሁለቱ ግን እንዳዩ መሰከሩ። አልመሐዲ በዋስ ተፈታ፤ ዐቃቤ ሕግም ክሱን በአቶ አሻግሬ ላይ አደረገው። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ይቀጠራል። አቶ አሻግሬ ጠበቃ ይዘው ይመጣሉ፤ የዝናን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽቦውን ከዳክቱ አስነቅለው በሌላ አስለውጠዋል። ይህን ሲያደርጉ እንኳ አንድም ቀን «ተሳስቻለሁ» አላሉም፤ «ለማንኛውም ብዬ ነው» ነው ያሉት። ያ ዓይነት ካርቶን ደግሞ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል። የዝና አንድ ቀን ገብታ ለባለሱቁ ምንነቱን ብትነግረው፣ «ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው» አላት፤ በሩን በኃይል ዘግታበት ወጣች።

ትሩፋት ከሆስፒታል ወጥታ ብዙ ጊዜ ቤት ተኛች። ከዚያ ገበያው ጀርባ፣ ፎቅ የሌለው፣ በሁለት በኩል በር ያለው ቤት ተከራየችና የዝናን ጠራቻት። የዝና ሽቦውን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ፍቃ፣ ከእያንዳንዱ ጥቅል ቆርጣ አቃጥላ ካየች በኋላ መዘርጋት ጀመረች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ትሩፋት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እጇን ይዛ፣ «ያን ጊዜ ባምንሽ ኖሮ» አለቻት በሹክሹክታ። የዝና «አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለችና ቁጣዋ እንደ አዲስ ተነሣ። የዋሻት ሰው እያለ ያመነችው ሴት ትጸጸታለች።

ሥራው ሳያልቅ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች። የዝና መሰላል ላይ ሆና ኮሪደሩ ላይ ሽቦውን በቱቦ ውስጥ እያሳለፈች ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ትሩፋት ሴትዮዋ ላይ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚወጣው ድምፅ ከትንፋሽ አይበልጥም። አጠገቧ የቆመችው ረዳቷ ጆሮዋን ወደ ትሩፋት አፍ አስጠግታ ትሰማና የሰማችውን ጮክ ብላ ለሴትዮዋ ትደግማለች።

«ግፊ! በርቺ! አሁን ተንፍሺ!»

ትሩፋት ታንሾካሹካለች፣ ረዳቷ ትጮኻለች። እንደዚህ እየተቀባበሉ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ሕፃኑ አለቀሰ። ትሩፋት እጇን እየጠረገች ወጥታ መሰላሉ ሥር ቆመችና ቀና ብላ አንድ ነገር አለች። የዝና አልሰማችም። አንድ ደረጃ ወርዳ ጎንበስ አለች።

«ሴት ናት» አለች ትሩፋት።

«እሰይ» አለች የዝና። ወደ ላይ ተመልሳ መሰርሰሪያውን አነሣችና ግድግዳው ላይ ተጫነችው፤ አቧራው ፊቷን እስኪሸፍነው ድረስ አልለቀቀችውም።